ሰማያዊው ሪባን

በካችፖል ቤት ፍቅር በአፍ አይነገርም። ሚስተር ካችፖል ባለቤታቸውን መውደዳቸውን ሲያሳዩ ቀድመው ተነስተው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይጥዳሉ። ባለቤታቸውም በፈንታቸው የካልሲያቸውን ቀዳዳ ሰው በማያየው ክር ይሰፉላቸዋል። ከዚያ ያለፈ ነገር መናገር በዌንስፎርድ መንደር እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። «አይከፋም» ከተባለ ምስጋናው ጣራ ነክቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ሄስተር ካችፖል በዚያ እሁድ ምሳ ላይ ልቧ እንደዚያ ሲመታ ለራሷም ገርሟት ነበር። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቷ ድረስ አንድ ሰው ስለ እሷ አንዲት ትልቅ ቃል እንዲናገር ስትጠብቅ መኖሯን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ይናገራል ብላ የጠበቀችው ሰው ደግሞ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሥጋውን እየቆረጠ ነበር።

ሮይስ ቴተም ይባላል። የኦክላሆማ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር የአውሮፕላን መካኒክ ሆኖ ያገለግላል። የሳፎክ የድሮ ቤቶች በር ለእንዲህ ያለ ቁመት ስላልተሠራ ከግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት አይጠፋም። የተገናኙት በአባቷ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባና «ብልጭ የሚል መብራት አላችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ችቦ ማለትህ ነው?» አለችው፣ አገሬው በሚለው ስም።

«ኧረ ችቦስ ይቅርብኝ። የሰው ጎተራ ላቃጥል አልመጣሁም።»

ሄስተር የእጅ ባትሪ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። «እኛ ችቦ የምንለው ይህንን ነው።»

ሮይስ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያስፈልገውን ነገር ሊገዛ ይመጣ ጀመር፤ አንድ ጊዜማ በር ሳይኖረው የበር ማጠፊያ ገዝቶ ሄዷል። ሁለቱም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። መከራቸውም የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ቋንቋቸው የተለያየ ቢሆን ኖሮ አስተርጓሚ ይጠሩ ነበር።

አሁን ሮይስ በጥቅምት ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ሲመለስም ሄስተርን አግብቶ ይዟት ሊሄድ ይፈልጋል። የዚያን እሁድ የመጣው አባቷን ሊጠይቅ ነበር።

ምሳው ገና ከጅምሩ ጠመመ። ሮይስ ሥጋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታተፈና ቢላውን አስቀምጦ ሹካውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ሚስተር ካችፖል ሹካዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትሻገር በዓይናቸው ተከተሏት፤ ዕቃ ይዞ ሊወጣ ያለ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እናቷን ደግሞ «እመቤቴ፣ ጨው ያቀብሉኝ» ሲላቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ በእንግሊዝ አገር እንዲያ የሚባሉት ንግሥቲቱ ናቸዋ።

«ጥብሱስ እንዴት ነው፣ ሳጅን?» አሉ ቀልባቸው ሲመለስ።

«ኳይት ጣፋጭ ነው፣ እመቤቴ።»

እናቷ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ሄስተር ቀና ብላ አየችው። «ኳይት» የምትለው ቃል ምናልባት አምልጣው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

ሚስተር ካችፖል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የመጣኸው ስለ ልጄ ነው ይሉኛል።»

«አዎ ጌታዬ።» ሮይስ ሹካውን አስቀመጠ። ዓይኑን ወደ ሄስተር መለስ አደረገ፤ ዓይኑ እንኳ ደህና አድርጎ ይናገር ነበር። ከዚያ አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ልጅዎን ኳይት እወዳታለሁ።»

ኳይት። ለሄስተር ጆሮ፣ ለዌንስፎርድም ጆሮ ሁሉ፣ ይህች ቃል ስትጨመር «ለነገሩ ያህል» ማለት ናት። ለብ ያለ ሾርባ ኳይት ትኩስ ነው። ግማሹን እያንቀላፉ የሰሙት ስብከት ኳይት ጥሩ ነው። የጎረቤት አዲስ ባርኔጣም፣ እውነቱን ተናግሮ ላለመጣላት፣ ኳይት ያምራል። ታዲያ ይህ ሰው አባቷ ፊት ቀርቦ፣ ውቅያኖስ ሊያሻግራት እጇን እየጠየቀ፣ ለነገሩ ያህል እወዳታለሁ አለ።

«ይገባኛል» አሉ ሚስተር ካችፖል። በዚያ ቤት ይህ ቃል በር ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ነው። «እናስብበታለን።»

ሮይስ ፊቱ በራ። በኦክላሆማ አንድ አባት «እናስብበታለን» ካለ በእርግጥ ሊያስብበት ነው። በሳፎክ ግን ማሰቡ አልቋል፤ መልሱም አይሆንም ነው። ይህንን የነገረው ሰው አልነበረም። ሄስተር ሳህኗ ላይ ያለውን ድንች በሹካዋ አደቀቀችው።

እስከ አትክልቱ በር ድረስ ሸኘችው። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ግን ጎረቤቶች መጋረጃ ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ያደገችውም እንባን እንደ ውስጥ ልብስ በመቁጠር ነው። እሱ ደግሞ ቆቡን እያሽከረከረ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ መስሎ ከጎኗ ይራመዳል።

«ደህና የሄደ አልመሰለሽም፣ ማሬ?»

ሄስተር የበሩን እንጨት ጨብጣ ቆመች። እሷም ልትወጋው ፈለገች። በአገሯ ደንብ ደግሞ ሰው የሚወጋው በጨዋ ቃል ነው።

«ሮይስ» አለችው፣ ድምጿን ቀጥ አድርጋ። «ኳይት ጥሩ ሰው ነበርክልኝ። አመሰግናለሁ። ደህና ሁን።»

ከዚህ የበለጠ ስድብ አታውቅም ነበር። ሮይስ ግን ቀይ ሆነ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳማትና መንገዱን ጀመረ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እያፏጨ ነበር።

እያፏጨ! ሄስተር ፉጨቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆማ ሰማችው። ሰው እንዴት ሲሰናበቱት ያፏጫል? እንግዲያው በመገላገሉ ደስ ብሎታል ማለት ነው። ሐዘኗ እዚያው በሩ ላይ ቁጣ ሆነባት።

በማግስቱ ሮይስ አውሮፕላን ሊጠግን ጀርመን አገር ወዳለ ሰፈር ተላከ። ከዚያ አንዲት ፖስት ካርድ መጣች፤ በስተኋላዋ በትልልቅ ፊደል «ማሬ፣ ኳይት ናፍቀሽኛል» ተብሎ ተጽፎባታል። ለነገሩ ያህል ናፍቀሽኛል! ሄስተር ካርዷን የምስማር ሣጥን ሥር ከተተቻት። መልስ አልጻፈችም።

ቤት ውስጥ ማንም ምንም አላላትም። እናቷ በየሰዓቱ ሻይ ያመጡላታል፤ አባቷ ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ ሽንኩርታቸውን እንዲፋፋ ቢራ ያጠጣሉ። የነሐሴው የአትክልት ውድድር እየደረሰ ነበር። በዚያ ውድድር የሽንኩርት አንደኛነት ከሚስተር ካችፖል እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሚስተር ጋሮድ የሚባሉት ጎረቤታቸው ሁልጊዜ ሁለተኛ እየወጡ፣ ሁልጊዜ «እንኳን ደስ ያለህ» እያሉ፣ ውስጥ ውስጡን እየበገኑ ኖረዋል።

አንድ ማለዳ ሄስተር ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ በመስኮቱ መስተዋት ላይ የራሷን ፊት አየች። ያ ፊት ሻይ እየጠጣ ሊያረጅ ነው። አንዱ ለነገሩ ያህል ወደዳት፤ ሌሎቹ ደግሞ በጭራሽ አይነግሯትም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አስጠሏት።

«እኔ ለብ ያለ ሾርባ አይደለሁም» አለች ጮክ ብላ። ሱቁ ውስጥ ከመዶሻና ከምስማር በቀር ማንም አልነበረም። ቢሆንም ብላዋለችና ቀለላት።

የውድድሩ ቀን መንደሩ በሙሉ በቄሱ ሜዳ ላይ በተተከለው ትልቅ ድንኳን ደጃፍ ተሰለፈ። ጠዋት ዳኛው ብቻውን ገብቶ ይመዝናል፤ የባለቤት ስም አይጻፍም፣ እያንዳንዱ ሳህን ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለአንደኛው ቀይ ሪባን፣ ለሁለተኛው ሰማያዊ፣ ለሦስተኛው ቢጫ ይሰካል፤ ከሥሩ ባለው ካርድ ላይ ዳኛው አንድ ሁለት ቃል ያሰፍራል። እኩለ ቀን ላይ ገመዱ ተነሳ፤ ሰውም እየተጋፋ ላለመምሰል እየተጠነቀቀ ተጋፍቶ ገባ።

ሄስተር የአባቷን ጀርባ ተከትላ ወደ ሽንኩርቱ ጠረጴዛ ሄደች። ጀርባቸው ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሕፃን ራስ በሚያካክሉት የሚስተር ካችፖል ሽንኩርቶች ላይ ሰማያዊ ሪባን ተሰክቷል። ካርዱ ላይ «ኳይት ጥሩ» ይላል። ከጎናቸው፣ በሚስተር ጋሮድ ሽንኩርቶች ላይ፣ ቀይ ሪባን ይውለበለባል። እዚያ ካርድ ላይ «ጥሩ» ተብሏል።

 ሁለተኛ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ወጥቶ «ለነገሩ ያህል ጥሩ» መባል ግን ሌላ ነው። ሚስተር ጋሮድ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ፣ እንደገና አወለቁ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጋሮድ» አሉ ሚስተር ካችፖል። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «ዳኛው ማን ነው?»

ቄሱ እጃቸውን አፋተጉ። ከጦር ሰፈሩ ጋር ያለው ጉርብትና እንዲሻሻል ብለው፣ ዶሮ አስደንጋጭ አውሮፕላኖቹም እንዲረሱ ብለው፣ ዘንድሮ አንድ አሜሪካዊ ዳኛ ጋብዘው ነበር። በእጃቸው ወደ ድንኳኑ ዳር አመለከቱ።

ሄስተር ዞር አለች። ሮይስ ቴተም ደረቱ ላይ «ዳኛ» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ግንባሩ ላይ አዲስ ቀይ ምልክት ይዞ፣ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ እሷን ብቻ እያየ ይስቃል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። 

«በቀል ነው» አሉ አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኔን ሽንኩርት እኮ መንደሩ ሁሉ በመልኩ ያውቀዋል።»

ሄስተር በሰው መሃል እየሰነጠቀች ሄደችና ከፊቱ ቆመች።

«ሄስተር! ትናንት ማታ ነው የተመለስኩት፣ ልፈልግሽ ስል አዛዡ ለዳኝነት ላከኝና…»

«አባቴን ማዋረድህ ለምንድነው? ከጠላኸን ዝም ብለህ አትሄድም?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ማዋረድ? የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። የአባትሽ ነው እንዴ? ታዲያ አንደኛ አውጥቼው ምን አዋረድኩት?»

«አንደኛ?»

«ሰማያዊው ነዋ። እናቴ በአውራጃው ውድድር በኮክ ማርማላታዋ ሰማያዊ ሪባን ስታገኝ አባቴ በከብት መኪናችን ከተማውን ሁለት ጊዜ አዙሯታል። ቀዩ የሁለተኛ ነው።»

«እዚህ ቀዩ ነው የአንደኛ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም ሰው!»

«በኛ አገርም ሁሉም ሰው ነው ሰማያዊ የሚለው።»

ሄስተር ልትመልስለት ስትል ካርዱ ትዝ አላት። «ቆይ። ከሁለቱ የሚበልጠው ይሄ ከሆነ ለምን ‹ኳይት ጥሩ› አልከው? ያኛውን ደግሞ ‹ጥሩ› ብቻ?»

ሮይስ ግራ ገብቶት አያት። «ከጥሩ ስለሚበልጥ ነዋ፣ ማሬ። ኳይት…» እጆቹን ድንኳኑ እስከፈቀደለት ድረስ ዘረጋቸው። «ኳይት ማለት እኮ በጣም ማለት ነው። እጅግ በጣም። አይደለም እንዴ?»

 ያ እሁድ እንዳለ በሄስተር ላይ ተመልሶ መጣባት። ጥብሱ፣ የእናቷ ማንኪያ፣ አባቷ ፊት የተናገረው ቃል። ልጅዎን እጅግ እወዳታለሁ ብሎ ነበር። በምስማር ሣጥን ሥር የጣለቻትን ካርድ አሰበች፤ እጅግ ናፍቀሽኛል ነበር የምትለው። የጠበቀችው ቃል በጆሮዋ ገብቶ ነበር፤ እሷ ናት ያልሰማችው።

«ሮይስ» አለች፣ ድምጿ ተሰበረ። «በአትክልቱ በር ላይ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ኳይት ጥሩ ሰው ነበርክልኝ አልሺኝ። እንግሊዞች ስሜታቸውን አይናገሩም ሲሉኝ፣ የኔዋ ግን ተናገረች ብዬ እስከ ሰፈሩ እያፏጨሁ ሄድኩ።»

«ስሰናበትህ እኮ ነበር።»

«ምን?»

«ለዘላለም ስሰናበትህ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሮይስ ከኋላው በነበረው የድንች ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ጠፋ። «ለእናቴ ልትመጪ ነው ብዬ ጽፌላታለሁ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ። «ክፍልሽን እየቀባች ነው።»

«ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ።»

ሄስተር ሳቀች፤ ሳቋ እንባ ሊሆን አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። ጎንበስ ብላ እጁን ያዘች። ሻካራው እጁ ሲጨብጣት፣ ምን ማድረግ እንዳለባት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ታያት። «ተነስ» አለችው። «እንዳትናገር ብቻ። አንተ በተናገርክ ቁጥር ነገር ይበላሻል።»

በሽንኩርቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ተከማችቷል። ሄስተር የሮይስን እጅ እንደያዘች መሃል ገብታ ቆመች። በዌንስፎርድ ወጣት ሴት በሕዝብ ፊት የወንድ እጅ አትይዝም። ያስተዋሉት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ሣሩ ሰደዱ፤ እዚያ አገር ሰው ሲያፍር የሚያየው ሣር ነው።

«ስህተት ተፈጥሯል» አለች ጮክ ብላ። «በሳጅን ቴተም አገር ሰማያዊ የአንደኛ ሪባን ነው። ስም ሳያይ አንደኛ ያደረገው የአባቴን ሽንኩርት ነው። በነሱ ዘንድ ‹ኳይት ጥሩ› ማለትም እጅግ በጣም ጥሩ ማለት ነው።»

ማጉረምረም ተነሳ። ሚስተር ጋሮድ ቀይ ሪባናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ይሄ እንግሊዝ ነው! እዚህ አገር ቀይ አንደኛ ነው፣ አለቀ። ኳይትም ኳይት ነው!»

«የለም፣ የለም፣ ጋሮድ» አሉ ሚስተር ካችፖል። ቀለማቸው ተመልሷል፤ አንገታቸውም ረዝሟል። «የሚቆጠረው የዳኛው ሐሳብ ነው። ሰውየው በገዛ አገሩ ቋንቋ አንደኛ ካለ አንደኛ ነው። ቃሉን እሱ እንዳሰበው ነው መተርጎም ያለብን እንጂ እኛ እንደመሰለን አይደለም። ይህ ተራ ፍትሕ ነው።»

ሄስተር ዕድሜዋን ሙሉ አባቷ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ለሽንኩርት ነው። ይሁን፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

«እንግዲያው አባዬ» አለች፣ «ያን እሁድ ምሳ ላይ የተናገረውንም እሱ እንዳሰበው ይተርጉሙት።»

ሚስተር ካችፖል ዓይናቸውን ወደ ሰማያዊው ሪባን መለሱ።

«ልጅዎን ኳይት እወዳታለሁ ብሎዎት ነበር። ሽንኩርትዎን በአሜሪካ ቋንቋ፣ ልጅዎን በእንግሊዝ ቋንቋ መመዘን አይቻልም። ወይ ሁለቱንም ይውሰዱ፣ ወይ ሪባኑን ለሚስተር ጋሮድ ይተዉላቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሣሩ አየ። ቄሱ ሳይቀሩ። ከኬኩ ጠረጴዛ በኩል ግን የእናቷ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ሳጅን፣ ያ ጥብሴስ? ኳይት ጣፋጭ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«እመቤቴ» አለ ሮይስ፣ እንዳይናገር መታዘዙን ረስቶ፣ «እንደዚያ ያለ ጥብስ ከተወለድኩ በልቼ አላውቅም።»

እናቷ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ እኮ ሥጋ ሻጩን ቀየርኩ» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ሚስተር ካችፖል ግን አልሳቁም። «ሄስተር፣ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤት ገብተን እናስብበታለን።»

«እናስብበታለን ማለት አይሆንም ማለት መሆኑን እሱ አያውቅም» አለች ሄስተር። «እኔ ግን ያደግሁት እዚያ ቤት ነው። ስለዚህ ፈቃድ እየጠየቅሁዎት አይደለም፣ አባዬ። በጥቅምት አብሬው እሄዳለሁ። የምነግርዎት ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ምርቃትዎን እፈልገዋለሁ፤ አጥብቄ ነው የምፈልገው። ግን በዚህ ቤት ቃል እስኪወጣ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ አልጠብቅም። እኔ ለብ ያለ ሾርባ አይደለሁም።»

ሚስተር ካችፖል ሮይስን ከጫማው እስከ ግንባሩ ምልክት ድረስ አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። እንዲህ አድርገው ያዩዋት ከሕፃንነቷ ወዲህ ትዝ አይላትም።

«ይህን ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ ቃሉ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው እያስጨነቃቸው፣ «ይህን ያህል… ትወጅዋለሽ?»

«ኳይት» አለች ሄስተር።

 ሄስተር ዙሪያዋን አየች፤ ሱቅ የሚመጡትን ፊቶች ሁሉ፣ መጋረጃ የሚገልጡትን ዓይኖች ሁሉ፣ አንድ በአንድ።

«በእሱ ቋንቋ ነው የምላችሁ።»

ከዚያ እጇን ሰድዳ ሰማያዊውን ሪባን ከሽንኩርቱ ላይ ነቀለችና በደረቷ ላይ፣ ከልቧ በላይ፣ ሰካችው። መንደሩ ሁለተኛ ብሎ ያንብባት። እስካሁንም እንዲያ ሲያነብባት ነው የኖረው። አንደኛ ብሎ የሚያነብባት አንድ ሰው ከጎኗ ቆሟል፣ እሱ ይበቃታል። የሮይስን እጅ ይዛ ወደ ድንኳኑ በር መራመድ ጀመረች፤ ሰውም ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው።

«ሄስተር።»

የአባቷ ድምፅ ነበር። ቆመች፤ ዞር ለማለት ግን ፈራች። ሚስተር ካችፖል ከኋላ መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። አፈር የለመዱት ወፍራም ጣቶቻቸው ወደ ሪባኑ ሄዱ። ሊነቅሉት ነው ብላ አሰበች። እሳቸው ግን መርፌዋን አውጥተው፣ ሪባኑን ቀጥ አድርገው፣ ጨርቁን እንዳይጎዳ ተጠንቅቀው መልሰው ሰኩት።

«ተጣሞ ነበር» አሉ። «ካደረግሺው አይቀር ቀጥ አድርገሽ ነው።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን ለሮይስ ሩብ ጣት ያህል አነሱና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ሮይስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት። «ምን አሉ? ተቆጡ እንዴ?»

«ተጣሞ ነበር አሉኝ።»

«እሺ፣ ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

 የሄስተር እንባ መጣ፤ ያ ከልጅነቷ ጀምሮ የተቆለፈበት እንባ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ጉንጯን አርሶ ወረደ። ፊቷን አልሸፈነችም።

«መርቀውናል» አለችው።